ምድጃው የራበው አየር ነው፦ ስለ ላምባ ምድጃና ስለ ፋኖስ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገን። "ስለ ላምባ ምድጃ የቆጠቆጣችሁን ሁሉ ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፤ እንዲህ ይዘንብብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። ደሴ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥና ምድጃ ስጠግን ኖሬአለሁ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ልጄ ፊዚክስ ስለሚያስተምር ቁጥር ቁጥሩን እሱ ነው ያሰላልኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ሰው ምድጃውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ ያወጣና፣ አቧራውን እንኳን ሳያራግፍ ይለኩስና፣ ሲጨስበት "ላምባው ነው!" ብሎ ይዞልኝ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ላምባው አይደለም። እስቲ እንግባበት።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ጋሼ፣ ባለ አሥር ክር ምድጃ አለኝ። ቢጫ እየነደደ ድስቴን ጥላሸት አለበሰው። ላምባው ተበርዞ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ላምባውን አትክሰሺው። ነገሩ እንዲህ ነው። ክሩ ላምባውን ወደ ላይ ይስባል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ወደ ተን ይቀይረዋል። የሚነደው ተኑ እንጂ ፈሳሹ አይደለም። ተኑ በሁለቱ የተበሳሱ ክብ ቆርቆሮዎች መሃል ይወጣል። እኔ የውስጥ ወንፊትና የውጭ ወንፊት እላቸዋለሁ። አየር የሚገባው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። አየሩና ተኑ በደንብ ከተዋሃዱ ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል። አየር ካነሰ ግን ላምባው ውስጥ ያለው ካርቦን ሳይቃጠል ይቀርና እየጋለ ቢጫ ያበራል፤ ቀዝቃዛ ድስት ሲነካ ደግሞ ጥላሸት ሆኖ ይለጠፋል። ቢጫው ብርሃን ራሱ ያልተቃጠለ ጥላሸት ነው ማለት ነው።

አንድ ሊትር ላምባ በደንብ እንዲነድ 12 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። አዎ፣ ኪሎ ነው ያልኩት። በደሴ አየር ሲሰላ ከ12 ሜትር ኩብ በላይ ነው፤ 3 በ3 ከሆነች አንዲት ክፍል አየር ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክሩን ዝቅ አድርጊ። ከዚያ ወንፊቶቹን አውጥተሽ ወደ ብርሃን ያዣቸው። ቀዳዳው ግማሹ በጥላሸት ተደፍኖ ታገኚዋለሽ። በደረቅ ብሩሽ አራግፊው፣ የደነደነውን በመርፌ። ከዚያ ምድጃው የተቀመጠበትን እዪ። እናቴ ነፍሷን ይማርና ወለሉ እንዳይበላሽ ብላ ምድጃዋን ሳፋ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ከሥር የሚገባው አየር በሳፋው ጠርዝ ተዘጋ፣ እኛም ዓመት ሙሉ ባለሱቁን ስንሳደብ ከረምን። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጪው፣ ዙሪያው ክፍት ይሁን።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እዚህ ሰማያዊ ይነድ የነበረ ምድጃ ደሴ እህቴ ጋ ስወስደው ማጨስ ጀመረ። ያው ምድጃ፣ ያው ላምባ። ምን ነካው?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ስትደርስ 2,500 ገደማ ነህ። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የኦክስጅኑ ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፣ ግን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር ራሱ ያንሳል። የደሴ አየር ከባሕር ዳርቻው ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ ከኮምቦልቻ ጋር ሲተያይ ደግሞ ስድስት ሰባት በመቶ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ላይ ክሩን ልኩ ድረስ አስተካክለኸው ከነበረ ደሴ ላይ ለዚያ ሁሉ ተን የሚበቃ አየር የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክሩን ትንሽ ዝቅ። እሳቱ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ንጹሕ ይሆናል።

እግረ መንገዴን፦ ደሴ ላይ ባቄላ አልበስል ሲል ምድጃውን የምትረግሙ ሰዎች፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በ100 አይደለም። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ክዳን ከድኑ፣ ታገሱ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ቀዳዳዎቹን በምስማር ባሰፋቸው አየር አይጨምርም?

መልስ፦ ይጨምራል፤ አትንካው። ወጣት ሳለሁ የአንዲት እናት ምድጃ ላይ ይህንኑ ሞክሬአለሁ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ። ቀዳዳው ሲሰፋ ቀዝቃዛ አየር በአንድ ቦታ እየተግተለተለ ገባ። ነበልባሉ እዚያ ጋ ተቆረጠ፣ ያልነደደ ተን ወጣ፣ ቤቱ በላምባ ሽታ ታፈነ። የቀዳዳው መጠንና ርቀት ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳ ከጥቂት ትልልቅ ቀዳዳ ይሻላል፣ አየሩን ከተኑ ጋር ቀስ እያለ ያዋህደዋል። በመጨረሻ ለሴትዮዋ አዲስ ወንፊት ከኪሴ ገዛሁላቸው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ በአንድ በኩል ብቻ ነው ቢጫ የሚሆነው፣ ሌላው ዙሪያ ሰማያዊ ነው።

መልስ፦ ወንፊቱ ተጣሟል ወይም ቦታው ላይ አልተቀመጠም። በውስጡና በውጩ መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አጥፋው፣ ይቀዝቅዝ፣ ወንፊቱን ግራ ቀኝ ወዝወዝ አድርገህ ጎድጓዳው ውስጥ አስገባው። ምድጃው ራሱ ያዘነበለ እንዳይሆንም እይ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሸዋ በር)፦ ስለኩሰው መጀመሪያ ሁሌ ይሸታል፣ ቢጫም ነው። ከዚያ ይስተካከላል። ችግር አለው?

መልስ፦ የለውም፣ አብሽር። ወንፊቶቹ እስኪግሉ አምስት ደቂቃ አካባቢ ስጠው። ትኩስ ቆርቆሮ ነው አየሩን ወደ ላይ የሚስበው። ቀዝቃዛ ሳለ መሳቡ ደካማ ነው። ስለዚህ ስትለኩስ ክሩን ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ድስቱን ወዲያው አትጣድበት።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ የመደብር ክር ጠፋ። ከአሮጌ ጋቢ ቀድጄ ብሠራስ?

መልስ፦ ጋቢው ንጹሕ ጥጥ ከሆነ ይሠራል። አሁን ግን ጥጥ የሚመስል ሰው ሠራሽ ክር ሞልቷል። አንዲት ክር መዝዘህ ለኩሳት። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ነድዳ አመድ ትሆናለች። ቀልጣ ጠንካራ ፍሬ ከሠራች ሰው ሠራሽ ነች፤ እሷን ምድጃ ውስጥ እንዳታስገባ። ስትሠራም በጣም አጥብቀህ አትግመደው፤ ላምባው የሚወጣው በክሮቹ መሃል ባለው ቀጭን ክፍተት ነው፣ ከታነቀ ምን ብሎ ይወጣል? ቱቦው ውስጥ ሳይጨናነቅ፣ ሳይላላም ይግባ። አዲስ ክር ከመለኮስህ በፊት ላምባ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዋል። ደረቁን ከለኮስከው የሚነደው ላምባው ሳይሆን ክሩ ራሱ ነው።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ እየነደደ ጣ ጣ ጣ ይላል፣ ይንጠባጠባል፣ ይደክማል።

መልስ፦ ውሃ። ላምባህ ውስጥ ውሃ አለ፤ ጀሪካኑ ዝናብ ላይ አድሮ ይሆናል፣ ሻጩም ውሃ ጨምሮ "አብዝቶት" ይሆናል። ላምባ ከውሃ ይቀላል፤ በሚያሳይ ጠርሙስ አሳድረው፣ ውሃው ከሥር ይተኛል። ከላይ ያለውን ቀስ ብለህ ገልብጥ። ክሩ ውሃ ጠጥቶ ከሆነ ግን አንዴ አውጥተህ ፀሐይ ላይ ካላደረቅኸው ላምባ አይስብም። የባቲ ፀሐይ ለዚህ አንደኛ ናት።

ጥያቄ (ስሙን ያልጻፈ)፦ ቶሎ እንዲነድ ትንሽ ቤንዚን ጠብ ባደርግበትስ?

መልስ፦ አይሆንም። ወላሂ በዚህ አልቀልድም። ላምባ ለእሳት የሚበቃ ተን እንዲሰጥ ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ እንኳን ተቀጣጣይ ተን ይሰጣል። የደሴ ብርድ አያስታግሰውም ማለት ነው። ምድጃው ሆድ ውስጥ ተኑ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይጠብቅሃል። የገዛኸው ላምባ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህም መልሰው ወይም ተወው፣ አትሞክረው። ናፍጣስ ለሚለው፦ አይፈነዳም፣ ግን ወፍራም ነው፣ ክሩን ይደፍናል፣ ያጨሳል። የሞተር የተቃጠለ ዘይት ጭራሽ አታንሱብኝ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ወጣት)፦ ከአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያወጣኋት ማራገቢያ አለች። ከሥር ብገጥማት እሳቱ አይጠነክርም? ወይስ ወንፊቱን ላስረዝመው?

መልስ፦ ሐሳብህ መጥፎ አይደለም፤ በግድ አየር የሚነፋላቸው ምድጃዎች አሉ፣ ግን ከመጀመሪያው ለዚያ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ባለ ክሩ ምድጃ በራሱ ሙቀት ነው የሚተነፍሰው። ተን ሲበዛ ይግላል፣ ሲግል ብዙ አየር ይስባል፣ እንደዚያ ተመዛዝኖ ይኖራል። ማራገቢያህ ይህን አያውቅም። ክሩ ዝቅ ሲል ያው ይነፋል፣ ነበልባሉን ከክሩ ላይ ያነሳዋል፣ ያልነደደው ተን ቤት ይሞላል። እሳቱን ወደ ታች ገፍቶ የላምባውን ሆድም ሊያሞቅ ይችላል።

ማስረዘሙ ይሻላል። የውጩ ሽፋን ከፍ ሲል እንደ ጭስ ማውጫ ይስባል። ግን ቁመቱን እጥፍ ብታደርገው አየሩ እጥፍ አይሆንም፤ ቢበዛ 1.4 እጥፍ ቢሆን ነው (ልጄ ካሬ ሥር ምናምን ብሎ ነገረኝ)፣ ረጅሙ ቆርቆሮ ትኩሱን አየር ስለሚያቀዘቅዘውና መንገዱን ስለሚያከብድበት ከዚያም ያንሳል። ሁለት ሦስት ጣት ጨምርና እየው። የምትሞክረው ግን ግቢ ውስጥ ነው፣ አሸዋ በባልዲ አጠገብህ አድርገህ።

ጥያቄ (ከመካነ ሰላም)፦ ነፋስ ያስቸግረኛል። ዙሪያውን በቆርቆሮ ከለልኩት፣ ባሰበት።

መልስ፦ ከሥር ዘግተኸው ነዋ። ከለላው ከመሬት ሦስት ጣት ከፍ ይበል። ከላይም ከድስቱ ጋር አንድ ጣት የምታህል ክፍተት ተው፤ ትኩሱ አየር በድስቱ ጎን እየታከከ ይውጣ። እንዲህ ሲሆን ድስቱም ቶሎ ይሞቃል። መውጫ የሌለው እሳት መግቢያም የለውም። ትልቅ ምጣድ በትንሽ ምድጃ ላይ የምትጥዱም ይኸው ነው ችግራችሁ፤ ምጣዱ አፉን ገጠመው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሽሮ ገንፍሎ ከፈሰሰበት በኋላ ብርቱካንማ ሆነ፣ ግን ድስቱ አልጠቆረም።

መልስ፦ ጨው ነው። ጨው ነበልባልን ቢጫ ያደርጋል፣ ጥላሸት አይደለም። ለመለየት ንጹሕ ማንኪያ ከነበልባሉ ጫፍ በላይ ትንሽ ያዝ። ካልጠቆረ ተኛ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ፋኖስ ገዝተን ነበር። አሁን ሳወጣው መስተዋቱ ይጠቁራል።

መልስ፦ ያን ጊዜማ ማን ይረሳዋል። የፋኖስ ክር ጠፍጣፋ ነው፤ የተቃጠለውን ጫፍ በመቀስ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፣ ሁለቱን ማዕዘኖች ደግሞ ትንሽ ሸረፍ አድርጋቸው፣ ቀንድ እንዳያወጣ። በጎን ያሉት ሁለት ቱቦዎች ጌጥ አይደሉም፣ አየር ወደ ክሩ የሚወርደው በእነሱ ነው። ሸረሪት ቤት ሠርታባቸው ስንቱን ፋኖስ ሰው ጥሎታል! መስተዋቱ ከተሰነጠቀ ቀይረው፤ ብርሃኑን የሚያጠነክረው እሱ የሚስበው አየር ነው። በ1780ዎቹ አርጋንድ የሚባል ስዊዛዊ ክሩን ክብ አድርጎ በመሃሉ አየር ሲያሳልፍና መስተዋት ሲደፋበት ነው መብራት ድንገት ቦግ ያለው። ኩራዛችን የሚያጨሰው ሁለቱም ስለሌሉት ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦ ብርዱ ከባድ ነው፣ ሌሊት ምድጃውን ለሙቀት ብንተወውስ? ሰማያዊ ነው የሚነደው።

መልስ፦ እታለም፣ አይሆንም። ሰማያዊም ቢሆን የክፍሉን አየር ይበላል። አየሩ እያነሰ ሲሄድ ነበልባሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ መስጠት ይጀምራል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ከሰል አፈናቸው ሲባል የምንሰማው እሱን ነው። ስታበስሉም መስኮት ገርበብ ይበል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ሰው ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡ፣ ካልተሻለ ወደ ሐኪም። ደግሞ እየነደደ ላምባ አትጨምሩበት፤ ድንገት ከተያያዘ ውሃ ሳይሆን አሸዋ ወይም የረጠበ ወፍራም ጋቢ።

የመጨረሻ ጥያቄ (ከኩታበር፣ የመጀመሪያዋ እህት)፦ ጋሼ፣ ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። ዘጠኙ ሰማያዊ ሆኑ፣ አንዱ ብቻ ቢጫ ነው።

መልስ፦ ጎበዝ! አጥፊውና ሲቀዘቅዝ የዚያን ክር ከጎረቤቱ ጋር ቦታ አቀያይሪ። ቢጫው ክሩን ተከትሎ ከሄደ ክሩ ነው፤ ከሌሎቹ ረዝሟል ወይም ጫፉ ተበታትኗል፣ እኩል አድርገሽ ቁረጪው። እዚያው ቦታ ላይ ከቀረ ግን ቱቦው ነው ወይም ፊት ለፊቱ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው፣ በመርፌ ድገሚያቸው። እምቢ ካለሽ ለሰኞ ገበያ ስትመጪ ይዘሽው ነይ፣ ላምባውን ግን ቤትሽ ገልብጪ፣ ባለፈው አንዱ ሚኒባስ ውስጥ አፍስሶት ሹፌሩ እኔን ነው የተቆጣው።