ቱቦው ተጠርጎ ጎርፉ ለምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በራችን ላይ የሚያልፈው የጎርፍ ማፋሰሻ ቱቦ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይጠረጋል። ሐምሌ ላይ ግን ማንሆሉ ውሃ ይተፋል፤ ግቢያችን ይጥለቀለቃል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ለማንስ እናመልክት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ መታየት ያለበት መስመሩ ወንዝ የሚገባበት አፍ ነው። ጠረጋ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው። አፉ ተደፍኖ ሳለ መሃሉ ብቻ ቢጠረግ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከላይ ያለውን ደለልና ሃይላንድ ይዞ ወርዶ እዚያው ይቆልለዋል። ውሃው ወደ ኋላ ይሞላና ዝቅ ባለው ማንሆል ይወጣል።

የከተማዋ አቀማመጥም ያባብሰዋል። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ከ900 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ጎርፉ በቁልቁለቱ አሸዋና ጠጠር እየጠራረገ ይመጣና መሬቱ ሜዳ ሲሆን ይጥለዋል። ባለ 60 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ቱቦ በ200 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ቢዘቀዝቅ፣ ንጹሕ ሲሆን በሰከንድ 430 ሊትር ገደማ ያሳልፋል። እስከ ወገቡ ደለል ከሞላው ግን ግማሹን እንኳ አያሳልፍም፤ ቦታው ከመጥበቡ በላይ ፍጥነቱም ስለሚቀንስ የሚያልፈው ሲሶው ያህል ነው። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ደግሞ ጣሪያና አስፋልት ከለበሰ 1 ሄክታር ብቻ በሰከንድ 110 ሊትር ያህል ያወርዳል። የሠፈርዎን ስፋት ያስቡት።

የወጣው ደለልም በዕለቱ ተጭኖ መሄድ አለበት። ማንሆሉ አፍ ላይ ተቆልሎ ካደረ፣ ሠራተኞቹ ጭቃ ውስጥ ቆመው ያወጡትን ሁሉ አንድ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። እጅግ የሚያሳዝን ብክነት ነው።

ሲያመለክቱ «ቱቦው ተደፈነ» ብቻ አይበሉ። ዝናብ ላይ ሳለ ከእርስዎ በታች ያለውን ማንሆል በፍርግርጉ ይመልከቱ። እሱም ከሞላ ድፍኑ ከዚያ በታች ነው፤ ባዶ ከሆነ ድፍኑ በሁለቱ መካከል ነው። ይህንን ከፎቶ ጋር ይጻፉት፤ ቡድኑ የት እንደሚጀምር ያውቃል። ክዳኑን ግን ራስዎ አይክፈቱ፤ ውስጡ የታመቀ ጋዝ ሰው ይገድላል። አስፋልት ዳር ያለው መስመር የከተማው መንገዶች ባለስልጣን ነው። በበጋ፣ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር፣ ቱቦው እየሸተተ የሚፈስ ከሆነ ግን አንድ ሰው ሽንት ቤቱን ቀጥሎበታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ውሃና ፍሳሽ ባለስልጣንም ማወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ የጣሪያችንን ውሃ ከአሸንዳው ወደ ሽንት ቤት መስመር ብናስገባው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ በፍጹም አያድርጉት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር ነው፤ አሥር በርሜል ማለት ነው። የፍሳሽ ቱቦ ለዚህ ስላልተሠራ ቆሻሻው በእርስዎ ወይም በጎረቤትዎ ሽንት ቤት ተመልሶ ይወጣል። አሸንዳውን ወደ ሮቶ ያስገቡ፤ ከሮቶው የሚተርፈውን ወደ ጎርፍ ቦዩ ይልቀቁት።