«እኛ የመጣነው ለመኪና ነው» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ስለ መኪና በምጽፍበት በዚህ ዓምድ ስለ ድባቴና ስለ ጭንቀት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች እየበዙ መጥተዋል። አልገረመኝም። ሞተር ሲፈታና ሲገጠም አብረው የሚያመሹ ሰዎች ውሎ አድሮ የሚያወሩት ስለ ሞተር ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ ዓምዱን ሙሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰጥቻለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ ማን እንደጻፋቸው የሚጠቁም ነገርም አውጥቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ጉዳዩ የሐኪም ሲሆን እናገራለሁ።

«የመኪና ወዳጆች ቡድን አለን። እንገናኛለን፣ መኪኖቻችንን እናሳያለን፣ አብረን እንነዳለን። በቅርቡ አንድ ጓደኛችን ራሱን አጠፋ። ስለ አእምሮ ጤና አንድ ነገር እንጀምር ብዬ ሳነሳ ግማሹ ‹እኛ የመጣነው ለመኪና ነው፣ ሙዳችንን አታበላሽ› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

በጓደኛችሁ ሞት አዝናለሁ። እንዲያ ያሉህን ሰዎች ግን ጨካኞች ናቸው ብለህ አትፍረድባቸው። አንዳንዱ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ምንም የማያስብባትን ያቺን ሰዓት ነው። ወደ ስብሰባ ከቀየራችሁበት መምጣቱን ይተዋል። ስለዚህ ወንበር በክብ መደርደሩ፣ ማይክሮፎኑና መፈክሩ ለጊዜው ይቅር።

ቡድናችሁ ያለው ሀብት ሌላ ነው። ብዙ ወንድ ፊት ለፊት አስቀምጠህ «ምን ይሰማሃል?» ስትለው ይዘጋል። ጎን ለጎን ቆሞ፣ መፍቻ ይዞ፣ ዓይኑን ከኮፈኑ ሥር ተክሎ ግን ሳይታወቀው ያወራል። በአውስትራሊያ የተጀመሩት የወንዶች የጋራ የእጅ ሥራ ቤቶች የተመሠረቱት በዚሁ ጠባይ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ሲድኒ ውስጥ የተጀመረውን የዲስቲንጉዊሽድ ጀንትልማንስ ራይድንም እይ። ሞተር ሳይክል ነጂዎች ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው በዓመት አንድ ቀን በየከተማው አብረው ይነዳሉ፤ ለወንዶች የአእምሮ ጤናና ለፕሮስቴት ካንሰር ምርምር ገንዘብ ያሰባስባሉ። መንዳቱም ሽክ ማለቱም ቀርቶ አይደለም።

እናንተ በትንሹ ጀምሩ። ከመካከላችሁ ሰው የሚቀርባቸውን ሁለት ሰዎች ምረጡና አንድ ሥራ ስጧቸው፤ የጠፋን ሰው ማስተዋል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ ይደውሉለት። «መኪናዋ ናት የታመመችው ወይስ አንተ?» ብሎ መጀመር ይቻላል፤ የመኪና ሰው ይገባዋል። ሥልጠና ከተገኘ እነዚህን ሁለት ሰዎች ላኳቸው። በፈረንጆቹ 2000 በአውስትራሊያ የተጀመረውና አሁን በብዙ አገሮች የሚሰጠው የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ለተራ ሰው ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ስለ ሟቹ ስታወሩ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዴት እንደሞተ አትዘርዝሩ። «በእዳው ነው»፣ «በፍቅረኛው ነው» ብላችሁ ነገሩን በአንድ ምክንያት አትዝጉት፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ አይደለም። «ተገላገለ» አትበሉ። ይህን የምለው ከሚሰሙት መካከል ያው ሐሳብ የሚያንገላታው ሰው ሊኖር ስለሚችል ነው። ለመታሰቢያው አብሮ መንዳት ጥሩ ነው። ጎማ ማጨስና መሽቀዳደም ግን ይቅርባችሁ። ቀን መምረጥ ከፈለጋችሁ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10፣ ከ1992 ጀምሮ የሚከበረው የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን አለ። ያን ቀን እንደ ወትሮው ተገናኙ፤ ከመነዳቱ በፊት አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ይናገር። ይበቃል።

«የቡድናችን ጎበዝ መካኒክ ከጠፋ ወራት ሆነው። ሰሞኑን መፍቻዎቹን ለወጣቶቹ ማደል ጀምሯል። ለምን ስለው ‹ከእንግዲህ አያስፈልገኝም› አለኝ። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ ሐሳቡን እኔው እንዳላመጣበት ግን ፈራሁ።»

ጠይቀው። ዛሬውኑ።

ፍርሃትህ የብዙ ሰው ፍርሃት ነው፣ ግን ልክ አይደለም። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ይላል። ብዙዎች እንዲያውም ሲጠየቁ ነው እፎይ የሚሉት። የሚወዱትን ዕቃ ማደል ደግሞ ከሚታወቁት የአደጋ ምልክቶች አንዱ ነው። ምናልባት ሙያ ቀይሮ ይሆናል። ያኔ ይስቅብሃል፣ አለቀ። በመላው ዓለም በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች በእጥፍ ይበልጣሉ። መሳቂያ መሆን ምንም አይደለም።

አጠያየቁ ላይ ላስጠንቅቅህ። «መቼም ክፉ ነገር አታስብም፣ አይደል?» አትበለው። ይህ «አላስብም» በለኝ ብሎ መለመን ነው። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ «ዕቃህን ስታድል አይቼ አሳሰበኝ። ራስህን ስለማጥፋት አስበሃል?» በለው።

ከዚያ ዝም በል። እኛ የመኪና ሰዎች የምንወድቀው እዚህ ጋ ነው። ድምፅ ሰምተን ችግሩን መናገር ለምዶብናል፤ ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሥራ ቀይር፣ ስፖርት ጀምር፣ ወጣ በል እንለዋለን። ጓደኛህ ሞተር አይደለም፤ ያን ምሽት እንድትጠግነው አይጠብቅብህም። «ስንቱ ከአንተ የባሰ አለ» ደግሞ ጭራሽ አትበል።

«አዎ» ካለህ ጥያቄህን ቀጥል። እንዴት እንደሚያደርገው አስቧል? መቼ? የሚያደርግበት ነገር እጁ ላይ አለ? ዕቅድና ጊዜ ካለው ብቻውን አትተወው። ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው ወይም የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደውል። የመኪናውን ቁልፍና ሊጎዳበት የሚችለውን ሌላ ነገር ሁሉ ተማክራችሁ ከአጠገቡ አርቁት። ምሥጢር ጠብቅልኝ ቢልህ ቃል አትግባ። «ብቻዬን አልችለውም፣ አብረን ሰው እንጨምር» በለው። በማግስቱም ደውል። በሳምንቱም ደውል። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቀን ይሯሯጥና ከዚያ ይጠፋል።

«ለእኔ ሕክምናዬ መኪናዬ ነው። ብቻዬን ስነዳ ይቀለኛል። ባለቤቴ ግን ሐኪም አማክር ትለኛለች። ማናችን ነን ልክ?»

ሁለታችሁም ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከተነዳ በኋላ የሚመጣው እፎይታ እውነተኛ ነው። ጥያቄው መኪናውን ካቆምክ በኋላ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው። ስሜትህ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከወደቀ፣ ወይም የምትወደው ነገር ሁሉ ካስጠላህ፣ እንቅልፍህና የምግብ ፍላጎትህ ከተዛባ፣ ሐሳብህ አልሰበሰብ ካለ፣ ሚስትህን ስማት። መኪናዋ ራሷ ማስደሰት ካቆመች ደግሞ ቀጠሮውን አታዘግይ።

ሌላም ልጨምር። ሳትተኛ አትንዳ። ለ17 ሰዓት ያህል ያልተኛ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ንቃቱ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰው «ነድቼ ልረጋጋ» ሲል ይህን አይቆጥረውም።

«ከመኪና አደጋ ከተረፍኩ አራት ወር ሆነኝ። ሰውነቴ ድኗል። መሪ ስይዝ ግን ላብ ያጠምቀኛል፣ ሌሊት የፍሬን ድምፅ ያባንነኛል። ጓደኞቼ ‹አንዴ አውራ ጎዳና ላይ ከነዳሽ ይለቅሻል› እያሉ ያስጨንቁኛል። መኪና ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምወደው።»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆን ያለ ነው፤ ብዙውን ሰው በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። ከአንድ ወር ካለፈ ግን ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይይሽ። ፍቱን ሕክምና አለው። በንግግር የሚሰጡና ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ ሕክምናዎች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራቸዋል።

ጓደኞችሽ በግማሽ ልክ ናቸው። የሚፈሩትን ነገር መሸሽ ፍርሃቱን ያሳድገዋል። የተሳሳቱት መጠኑ ላይ ነው። በአንዴ አውራ ጎዳና አይሆንም። ሞተሩ ጠፍቶ የቆመ መኪና ውስጥ ከመቀመጥ ይጀመራል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ መቀመጥ፣ ከዚያ በምታምኚው ሰው መኪና ተሳፋሪ መሆን፣ ከዚያ ጭር ያለ አጭር መንገድ። አንዱ ደረጃ ላይ ፍርሃቱ ሲበርድ ነው ወደሚቀጥለው የሚታለፈው። ፍጥነቱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ከባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል።

ለጓደኞቿ፦ የአደጋ ቪዲዮ እየተቀባበሉ መሳቅ የብዙ ቡድን ልማድ ነው። ተዉት። ከመካከላችሁ ማን ምን እንዳየ አታውቁም።

«ጓደኛዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት አሮጌ መኪና ገዛ። ሌሊቱን ሲፈታታ ያድራል፣ ደክሞኛል አይልም። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። አነዳዱ ያስፈራል። ቡድኑ ‹የመኪና እብድ ማለት እሱ ነው!› እያለ ያጨበጭብለታል። እኔን ግን አልተዋጠልኝም።»

ሦስት መኪና መግዛት ብቻውን በሽታ ቢሆን የዚህ ዓምድ አንባቢ ግማሹ ይታከም ነበር። እኔን ያሳሰበኝ እንቅልፉ ነው። አንድ ሰው ለቀናት ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ካልደከመው፣ ወሬው ከፈጠነ፣ ገንዘብ ከበተነና ፍርሃት ካጣ፣ የማኒያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ማኒያ፣ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ ከፍ ሌላ ጊዜ ወደ ድባቴ ዝቅ በሚልበት፣ ባይፖላር በሚባለው ሕመም ውስጥ የሚታይ ነው። ሰውየው በሕይወቱ እንደዚህ ተሽሎት የማያውቅ ይመስለዋል። ስለዚህ «ታመሃል» ብትለው አይሰማህም።

ስለ መኪኖቹ አትከራከረው። ስለ እንቅልፉ አውራው። ቤተሰቡን አሳውቅ፤ ቶሎ ሐኪም እንዲያየው አድርጉ። ገንዘብ አታበድሩት። ከቡድናችሁም ማንም መኪና እንዳይሸጥለት፤ ዛሬ የተገኘች ትርፍ ነገ እሱን ለዓመታት የሚከተለው ዕዳ ትሆናለች። የሌለ ድምፅ መስማት ከጀመረ ወይም ራሱን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ከመሰላችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

«ልሠራት ብዬ የፈታኋት መኪና ዓመት ሙሉ ተሸፍና ቆማለች። ባየኋት ቁጥር እፍረት ይሰማኛል። ልሽጣት?»

አሁን አትወስን። ስሜት ወድቆ ሳለ የሚደረግ ሽያጭ በኋላ ይቆጫል። ለዛሬ አንዲት ካንዴላ አጽዳ፣ ሂድ። ለነገም ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ምረጥ። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ፍላጎት እስኪመጣ ድረስ ከጠበቀ ብዙ ይጠብቃል፤ ትንሽ ሥራ ሲሠራ ነው ፍላጎቱ የሚከተለው። እሱም ካቃተህ ከላይ ስለ ሁለት ሳምንት የጻፍኩትን አንብብ።

«የድባቴ መድኃኒት ታዞልኛል። ከወሰድኩ መንዳት ይቀርብኛል ብዬ ፈርቼ አልጀመርኩትም።»

ላዘዘልህ ሐኪም ይህንኑ ንገረው፤ ምርጫውን ሊለውጠው ይችላል። መድኃኒቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አሚትሪፕቲሊንና ሚርታዛፒን እንቅልፍ ያመጣሉ። ፍሉኦክሴቲንን የመሳሰሉት ግን ብዙ ሰው ላይ ያን ያህል አያደነዝዙም። ለጭንቀት የሚሰጠው ዳያዜፓም ንቃትን በግልጽ ይቀንሳል። ስትጀምርና መጠኑ ሲቀየር፣ ሰውነትህ እንዴት እንደተቀበለው እስክታይ ድረስ መሪ አትያዝ። ከአልኮል ጋር ፈጽሞ አትቀላቅል። ለውጡ እስኪታወቅ ሁለት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳምንት ይፈጃል፤ «አልሠራም» ብለህ በድንገት አታቁመው። ያልታከመ ድባቴም እኮ ራሱ አነዳድን ይጎዳል፤ ሐሳብ ይበትናል፣ ምላሽ ያዘገያል።

«ኋላ መስታወታችን ላይ ስለ አእምሮ ጤና ስቲከር ብንለጥፍ ጥቅም አለው ወይስ ለታይታ ነው?»

ለጥፉ። ግን «ብቻህን አይደለህም» የሚለውን ብቻ ጽፋችሁ አታቁሙ፤ የሚደወልበት ቁጥርም ይኑርበት። ከኋላ የቆመ ነጂ እንዲያነበው ፊደሉ ጎላ ይበል። ከማሳተማችሁ በፊት ደግሞ ቁጥሩን ራሳችሁ ደውሉበት፤ በሌሊትም ሞክሩት፣ የሚያነሳ ሰው መኖሩን አረጋግጡ።