ጉርሻው የት ገባ?

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ታላቅ እህቴ ቤሩት ናት። ዘንድሮ ለፋሲካ መምጣት አልሆነላትም። ሌሊት ጾም ስንፈታ ሁላችንም ሞሰብ ከበን ስንበላ በአይፎኔ ታይምላፕስ ቀርጬ ልልክላት አሰብኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀረጽኩ፤ የወጣው ግማሽ ደቂቃ ነው። እሱስ ይሁን። እማዬ ሁላችንንም አጉርሳናለች፣ ቪዲዮው ላይ ግን አንድም ጉርሻ የለም! ምስሉም በየመሃሉ ጨለም፣ በራ ይላል። ምን አጥፍቼ ነው?»
ሕ.፣ ከጉለሌ

ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ። ጉርሻውን የበላው ስልክሽ ነው።

ታይምላፕስ ላይ ስልኩ የሚሠራው ፎቶ ማንሳት ነው። በየተወሰነ ጊዜው አንድ አንድ ያነሳና በኋላ በሰከንድ 30 እያደረገ ያሳይሻል። አይፎን ደግሞ የራሱ አመል አለው። ሲጀምር በሰከንድ 2 ፎቶ ያነሳል። 10 ደቂቃ ሲያልፍ በሰከንድ 1 ብቻ። ከ20 ደቂቃ በኋላ በ2 ሰከንድ አንዴ፣ ከ40 በኋላ በ4 ሰከንድ አንዴ። ቀድሞ ያነሳቸውንም በዚያው ልክ ይቀንሳቸዋል። አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው፤ ለ4 ስታካፍዪው 900 ፎቶ። 900 ፎቶ በ30 ሲሄድ 30 ሰከንድ። ግማሽ ደቂቃሽ ይኸው።

አሁን እናትሽን አስቢያት። ጠቅልላ ከጨረሰች በኋላ እጇ ከሞሰቡ ተነስቶ አፍሽ እስኪደርስ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ጉርሻዋ በሁለት ፎቶ መሃል ሾልካ አለፈች። ብትያዝም ዓይን ሳያያት ታልፋለች።

ስለዚህ ለማዕድ ታይምላፕሱን ተዪው። እሱ የሚያምረው ለቁሌት ነው። ድስቱን ሞልቶ የነበረው ሽንኩርት እየሟሸሸ ወርዶ ወርዶ፣ በርበሬው ሲገባበት ሲቀላ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት የፈጀው ነገር በግማሽ ደቂቃ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ስልኩን ድስቱ አናት ላይ ብቻ አታድርጊው፣ ሌንሱን እንፋሎት ይሸፍነዋል።

ማዕዱን በተራ ቪዲዮ ቅረጪ። 20 ደቂቃ ይበቃል። በ1080 ጥራት፣ በሰከንድ 30 ምስል ከሆነ በደቂቃ ወደ 60 ሜጋባይት ነው፤ ለ20 ደቂቃ 1.2 ጊጋ ቦታ አዘጋጂ። ከዚያ ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያ ላይ ፍጥነቱን 40 እጥፍ አድርጊው። ጉርሻው ጋ ስትደርሺ ግን ቁረጪና እንደነበረ ተዪው፣ ከነድምፁ። እህትሽ «ኧረ በቃኝ!» ስትዪና እማዬ «አንድ ያጣላል» ብላ ስትደግምሽ ትስማ እንጂ። ታይምላፕስ ድምፅ የለውም።

የመጨለሙ ነገር? እናትሽ ነጭ ነጠላ ለብሳ ነበር አይደል? ጎንበስ ባለች ቁጥር ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ከመጀመርሽ በፊት እንጀራው ላይ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ያዢ። የብርሃኑን መቆለፍ የሚያሳይ ቢጫ ጽሑፍ ሲመጣ ልቀቂ። ስልኩንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፤ የእንኳን አደረሳችሁ ስልክ መሃል ላይ ያቋርጥሻል።

የት ላስቀምጠው ካልሽ፣ ቡፌው ላይ፣ ስኳር ዕቃ አስደግፈሽ። ከአናት ልቅረጽ ብለሽ እንዳትሞክሪ። የሚታየው ፀጉር ብቻ ነው። እኔ አንድ የገና ዕለት ሞክሬዋለሁ። ስልኬን በፕላስተር ከአምፖሉ ገመድ ጋር አሰርኩት። ሙቀቱ ይሁን እንፋሎቱ፣ ፕላስተሩ ለቀቀና ስልኩ ዶሮ ወጡ መሃል ዘጭ! አለ። ባለቤቴ በእንጀራ ይዛ አወጣችውና «የማን ብልት ነው?» አለች። ስልኩ ተርፏል። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ግን እስካሁን በርበሬ በርበሬ ይሸተኛል።