የጣሪያውን መዝገብ ለምትይዙ ልጆቼ

ጎንደር ሆናችሁ ጂኦሎጂ ስትማሩ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለውን የጭልጋን ድንጋይ ከሰል ማየታችሁ አይቀርም። ነገ ሥራ ከመሬት በታች ወዳለ የከሰል ዋሻ ቢወስዳችሁ፣ ከሠራተኛው ራስ በላይ ያለው ድንጋይ ምን እያሰበ እንደሆነ የሚነግራችሁ መዝገብ ነው። አደራ፣ አሁኑኑ ልመዱት።

ጣሪያ ላይ የሚተከለው ጠቋሚ፣ ቴልቴል የሚባለው፣ ቀላል ዕቃ ነው። ወደ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት መልሕቆች አሉት፤ አንዱ ከሮክ ቦልቱ (ድንጋዩን አጣብቆ ለመያዝ ጣሪያው ውስጥ ከሚተከለው የብረት ዘንግ) የላይ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ብዙ ጊዜ የቦልቱን ርዝመት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ይያዛል። የመጀመሪያው መልሕቅ፣ ቦልቱ የያዘው ድንጋይ ሲላቀቅ፣ ሁለተኛው ከቦልቱ በላይ ያለው ሲላቀቅ ያሳያል። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ (ለአንዱ ቦልት ማብዛት፣ ለሌላው ረጅም የኬብል ቦልት) ሁለቱን ደምራችሁ አንድ ቁጥር አትጻፉ።

ጠቋሚው ከተተከለ ጀምሮ ከተጠራቀመው ድምር ይልቅ ፍጥነቱን እዩ። ድምሩ በየቀኑ ሲነበብ 0፣ 5፣ 8፣ 9፣ 9 ሚሊሜትር የሆነ ጣሪያ እየረጋ ነው። 0፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ያነበበው ግን ድምሩ ቢያንስም እየፈጠነ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ደግሞ ቁፋሮው ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ የተተከለ ጠቋሚ የመጀመሪያውን፣ ትልቁን እንቅስቃሴ አላየም። ስለዚህ የተተከለበትን ሰዓትና ያኔ የመቆፈሪያው ግንባር ስንት ሜትር ርቆ እንደነበር ካልጻፋችሁ ትንሹ ቁጥር ያታልላችኋል።

ሰዓት ካነሳን፣ የእኛ አገር ልዩ አደጋ አለ። መሣሪያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 12:00 (እኩለ ቀን) ብሎ መዘገበ እንበል። ከ2 ሰዓት በኋላ ያነበበው ልጅ በእኛ አቆጣጠር «8 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው 20:00 ካደረገው 2 ሰዓቱ 8 ሆነ፤ ፍጥነቱም ሩቡ ብቻ ሆኖ ታየ። ቀኑም እንዲሁ ይሳሳታል። በቅጹ አናት ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ታትሞ ይቀመጥ።

ንባቡ በድንገት ወደ ኋላ ከተመለሰ ጣሪያው አልተነሳም፤ ማሽን ጠቋሚውን ገጭቶታል ወይም መልሕቁ ተንሸራቷል። ቁጥሩን አትሰርዙት፣ አታስተካክሉትም። «ተገጭቷል» ብላችሁ ጻፉ፤ አዲሱን ዜሮ ጀምሩ፤ የቀድሞውን ድምር ከጎኑ አቆዩ፤ የሚቀጥለው ፈረቃ ከመግባቱ በፊትም ለአለቃው በቃል ንገሩት።