የክሬይፊሽ ወጥመድና ሳይታሰብ የሚገቡበት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ክሬይፊሽን ለመዝናናት ስለማጥመድ ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም ሰብስበን አቅርበናል። ክሬይፊሽ ጨዋማ ባልሆነ የሐይቅ፣ የወንዝና የኩሬ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ጠንካራ ቅርፊት የለበሰና ከፊቱ ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫዎች ያሉት የሎብስተር ዘመድ ነው። ከ600 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የሰሜን አሜሪካ ተወላጆች ሲሆኑ አውሮፓ፣ አውስትራሊያና ማዳጋስካርም የየራሳቸው አሏቸው፤ በአፍሪካ ዋና ምድር ግን በተፈጥሮ የሚገኝ አንድም ዝርያ የለም። የትኛው ዝርያ የየት አገር ተወላጅ እንደሆነ ማወቁ ከዚህ በታች ለሚቀርቡት በርካታ መልሶች መሠረት ስለሆነ አንባቢ ከወዲሁ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን።

ጥያቄ፦ በዕረፍት ጊዜዬ ክሬይፊሽ ማጥመድ ልጀምር አስቤአለሁ። ወጥመዱን የት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ምግብስ ልጣል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ውሃው የሚገኝበትን አካባቢ ደንብ ይጠይቁ። በአንዳንድ አገሮች የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ይበቃል፤ በሌሎች ለወጥመዱ ለብቻው ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ማጥመድ ፈጽሞ የተከለከለባቸው ውሃዎችም አሉ። ለምሳሌ በእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ሳይዙ የክሬይፊሽ ወጥመድ መጣል አይቻልም።

ፈቃዱን ካገኙ በኋላ ሥራው የእንስሳውን ጠባይ ማወቅ ነው። ክሬይፊሽ ቀኑን በድንጋይ ሥር፣ በዛፍ ሥሮች መካከል ወይም ዳርቻው ላይ በቆፈረው ጉድጓድ ተሸሽጎ ይውልና ሲመሽ ምግብ ፍለጋ ይወጣል። ስለዚህ ወጥመዱ ሊመሽ ሲል ይጣላል፤ ጠዋት በማለዳ ይነሣል። ድንጋያማ ዳርቻ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድ ያለበት ቦታና የውሃ ዕፅዋት የበቀሉበት ጠርዝ ከተራቆተ አሸዋ ይሻላሉ። ውሃው ሲቀዘቅዝ እንቅስቃሴው ስለሚቀንስ ሞቃቶቹ ወራት ለአብዛኞቹ ዝርያዎች የተሻሉ ናቸው። ቅርፊቱን ጥሎ አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ደግሞ ከመሸሸጊያው ስለማይወጣ፣ በውሃው ውስጥ ብዙ ክሬይፊሽ እያለም ወጥመዱ ባዶውን የሚነሣባቸው ቀናት ይኖራሉ።

ለማጥመጃ የሚሆነው ምግብ ዓሣ ነው። የበሰበሰ ይሻላል የሚል አስተያየት በብዙ አጥማጆች ዘንድ ቢሰማም፣ ክሬይፊሽ ትኩስ ዓሣን አይንቅም፤ እንዲያውም ይመርጣል። ዓሣውን ከዚያው ውሃ ቢያገኙት ይመረጣል፤ ምክንያቱን ስለ በሽታ በተጠየቀው ጥያቄ ሥር ያገኙታል። በወንዝ የሚያጠምዱ ከሆነ ሽታው የሚጓዘው ከውሃው ፍሰት ጋር ወደ ታች ስለሆነ፣ ክሬይፊሹ ሽታውን ተከትሎ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። የወጥመዱን መግቢያ ወደ ፍሰቱ መውረጃ ቢያዞሩት ውጤቱ የተሻለ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ማጥመጃ አገኘሁ። አንዱ ዙሪያውን በመረብ የተዘጋና በጎንና በጎን መግቢያ ያለው ታጣፊ ወጥመድ ነው፤ ሌላው ከላይ ክፍት የሆነ ክብ መረብ ነው። የተዘጋው ብዙ ይይዛል ይባላል። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ የተዘጋው ብዙ እንደሚይዝ እውነት ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይመነጫል። ገብቶ መውጣት የማይችለው ክሬይፊሹ ብቻ አይደለም። በሳንባ የሚተነፍሱ የውሃ እንስሳት፣ ማለትም የውሃ ኤሊ፣ ዓሣ አዳኙ ኦተር፣ የውሃ አይጥ፣ በአውስትራሊያ ደግሞ እንቁላል የሚጥለው አጥቢ ፕላቲፐስ፣ የምግቡን ሽታ ወይም ውስጥ ያለውን ክሬይፊሽ ፈልገው ይገባሉ። ወጥመዱ ሙሉ በሙሉ በውሃ የተዋጠ ከሆነም ለመተንፈስ ብቅ የሚሉበት ቦታ አያገኙም። ፕላቲፐስ ከውሃ በታች አየር ሳያገኝ ሊቆይ የሚችለው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። አንዱ ገብቶ ሲሞት ሌላው ተከትሎት ሊገባ ስለሚችል በአንድ ሌሊት በአንድ ወጥመድ ከአንድ በላይ እንስሳ ሊሞት ይችላል። አጥማጁ ይህን የሚያውቀው ጠዋት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ምንም ማድረግ አይቻልም።

በዚህ ምክንያት በአውስትራሊያ በቅርጹ የሲድኒውን ኦፔራ ቤት ስለሚመስል በእሱ ስም የሚጠራው የተዘጋ መረብ በቪክቶሪያ ግዛት ከሐምሌ 2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ታግዷል፤ ኒው ሳውዝ ዌልስም በ2021 ተከትላለች። በእንግሊዝ ደግሞ የወጥመዱ መግቢያ ከ95 ሚሊሜትር እንዳይሰፋ፣ ከሰፋም ኦተር እንዳይገባ የሚከለክል መከላከያ እንዲገጠምለት ደንቡ ያዛል።

ስለዚህ መልሳችን ግልጽ ነው፤ ከላይ ክፍት የሆነውን ይግዙ። ክቡ መረብ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ክሬይፊሹ መሐሉ ላይ የታሰረውን ምግብ ሲበላ ገመዱን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይስቡታል። መረቡ ተኝቶ ሳለ ማንም ገብቶ ማንም ሊወጣበት ይችላል። በእርግጥ ከጎኑ ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው መሳብን ይጠይቃል፤ ጥሎ ሄዶ መተኛት አይቻልም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን ለመዝናናት ለወጣ ሰው ከውሃው ዳር ተቀምጦ ማምሸት የጉዞው ዋና ነገር ነው ብለን እናምናለን። የአካባቢዎ ደንብ የተዘጋውን የሚፈቅድና እርስዎም እሱን የሚመርጡ ከሆነ፣ መግቢያው ጠባብ የሆነውን ይምረጡ፣ ስምዎንና ፈቃድዎን የሚያመለክት ምልክት ያድርጉበት፣ ገመዱንም ተበጥሶ እንዳይጠፋ አጥብቀው ይሰሩት። ውሃ ውስጥ የቀረ ወጥመድ ባለቤቱ ከረሳው በኋላም መያዙን ይቀጥላል፤ በውስጡ የሞተው እንስሳ ራሱ ለቀጣዩ ማጥመጃ ምግብ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከያዝኩት መካከል የትኛውን ልመልስ፣ የትኛውን ልውሰድ?

መልስ፦ እያንዳንዱን ከመቆንጠጫዎቹ በስተኋላ የጀርባውን ቅርፊት በሁለት ጣት ይዘው ይገልብጡት። ከጅራቱ ሥር እንቁላል ወይም የተጣበቁ ጫጩቶች ካዩ ያቺ እናት ናት፤ ሳይቆዩ ወደ ያዟት ቦታ ይመልሷት። ሴቷ እንቁላሎቿን ለወራት ይዛ ትዞራለች፤ የተፈለፈሉት ትንንሾችም ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ከእሷ አይለዩም። ስለዚህ አንዲት እናት መውሰድ የቀጣዩን ትውልድ አንድ ክፍል አብሮ መውሰድ ነው። ይህ መልስ የሚሠራው ዝርያው ለውሃው ተወላጅ ሲሆን ነው፤ ስለ መጤ ዝርያዎች ከዚህ ቀጥሎ እናነሣለን።

መጠኑን በተመለከተ ደንቦቹ ይለያያሉ፤ የሚለኩበት መንገድም እንዲሁ። አንዳንዶቹ ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ፣ ሌሎቹ ከዓይን ጉድጓድ ጀርባ እስከ ጀርባ ቅርፊቱ መጨረሻ ይለካሉ። በአውስትራሊያው የመሪ ወንዝ ክሬይፊሽ ላይ የሚሠራው ደንብ በተለይ ትምህርት የሚሰጥ ይመስለናል፤ ሊወሰድ የሚፈቀደው የጀርባ ቅርፊቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር የሆነው ብቻ ነው። ትንሹ ለመውለድ ዕድል እንዲያገኝ፣ ትልቁ ደግሞ ብዙ እንቁላል ስለሚጥል ሁለቱም ይመለሳሉ። ትልቁን መመለስ ለአጥማጅ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ዝግ ብሎ የሚያድግ ዝርያ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ታዝማኒያ አሳይታለች፤ እስከ 40 ዓመት የሚኖረውና በጨው አልባ ውሃ ከሚኖሩ አከርካሪ አልባ እንስሳት ሁሉ ትልቁ የሆነው የዚያች ደሴት ግዙፍ ክሬይፊሽ ቁጥሩ እየተመናመነ ስለሄደ ከ1998 ጀምሮ ማጥመዱ ተከልክሏል።

ጥያቄ፦ ወዳጄ ከአንድ ሐይቅ የያዛቸውን ክሬይፊሾች በሕይወታቸው አምጥቶ ቤቴ አጠገብ ባለ ኩሬ ልንለቃቸው አስበናል። ይራቡልናል ብለን ነው። ጉዳት አለው?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። በዚህ ዓምድ ከምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ያህል አጥብቀን የምንመልሰው የለም።

የመጀመሪያው ምክንያት በሽታ ነው። አፋኖማይሲስ አስታሲ የሚባል ሻጋታ መሰል ረቂቅ ሕይወት የክሬይፊሽ ወረርሽኝ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። የሰሜን አሜሪካ ዝርያዎች ከበሽታው ጋር ለረጅም ዘመን አብረው ስለኖሩ በአካላቸው ተሸክመውት ጤነኛ መስለው ይኖራሉ። የአውሮፓና የአውስትራሊያ ዝርያዎች ግን መከላከያ የላቸውም፤ በሽታው ከገባበት ውሃ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው፣ ብዙ ጊዜም አንድም አይተርፍም። አውሮፓ ውስጥ እልቂቱ መጀመሪያ የታየው በሰሜን ጣሊያን በ1859 አካባቢ ነው፤ በ1907 ስዊድን ደረሰ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ እንግሊዝንና ቱርክን አዳረሰ። ቱርክ እስከዚያ ድረስ ክሬይፊሽ በብዛት ለውጭ ገበያ ታቀርብ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምርቷ አሽቆለቆለ።

ስዊድን የጠፋባትን ለመተካት በ1960 ከካሊፎርኒያ ሲግናል የሚባለውን ዝርያ አስመጣች። በሽታውን የሚቋቋም በመሆኑ መፍትሔ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን በሽታውን በአካሉ ተሸክሞ በመሄዱ የተረፉትን ተወላጆች ጭምር አጠፋ። ዛሬ ይኸው ዝርያ በአውሮፓ ኅብረት በመጤ ወራሪነት ከተመዘገቡት አንዱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በሽታ ባይኖርም የሚደርሰው ጉዳት ነው። በ1970 ቀዩ የረግረግ ክሬይፊሽ ዓሣ ሀብትን ለማሳደግ ተብሎ በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ተለቀቀ። ቁጥሩ ሲበዛ በሐይቁ ውስጥ የበቀሉትን የውሃ ዕፅዋት በልቶ ጨረሰ፤ በእነሱ ውስጥ ይጠለሉ የነበሩ ፍጥረታትም መጠለያቸውን አጡ። በጎ አሳብ የነበራቸው ሰዎች የጀመሩትን ዛሬ ማንም ሊመልሰው አልቻለም።

እንስሳውን ባያጓጉዙም በሽታውን ሊያጓጉዙት ይችላሉ። የበሽታው ዘር በእርጥብ መረብ፣ በቦት ጫማ፣ በጀልባ ውስጥ በቀረ ውሃና ከሌላ ውሃ በመጣ ማጥመጃ ዓሣ ላይ አብሮ ይሄዳል። የማጥመጃውን ዓሣ ከዚያው ውሃ ያግኙ ያልነው ለዚህ ነው። ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ከመሄድዎ በፊት ጭቃውንና ቅጠላ ቅጠሉን አራግፈው፣ ዕቃውን ቢያንስ 45 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፈው በፀሐይ ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። ጊዜ ከሌለዎ ለእያንዳንዱ ውሃ የተለየ መረብ መያዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው መጤዎቹን እያጠመድን ብንጨርሳቸው ተወላጆቹን አናድናቸውም?

መልስ፦ ፍላጎቱ የሚመሰገን ቢሆንም በወጥመድ ብቻ አይቻልም። የተለመደው ወጥመድ በዋነኛነት የሚይዘው ትልልቆቹን፣ በተለይም ወንዶቹን ነው። ትንንሾቹ በመረቡ ቀዳዳ ያመልጣሉ ወይም ትልልቆቹን ፈርተው አይጠጉም። በአንድ የእንግሊዝ ጅረት ውሃው ተቀንሶ ነዋሪዎቹ ሁሉ ሲቆጠሩ፣ በወጥመድ ለመያዝ የሚበቃ መጠን ያላቸው ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞሉም። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ስለሚበሉም እነሱን ማንሣት ለቀሩት ምግብና ቦታ ያስፋላቸዋል። ከዚህም በላይ ማጥመዱ ሲስፋፋ ዕቃቸውን ሳያደርቁ ከውሃ ወደ ውሃ የሚሄዱ ሰዎች ይበዛሉ። መጤ ዝርያ ከያዙ፣ የአካባቢዎ ሕግ መልሶ መልቀቅን ይከለክል እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ፤ በብዙ ቦታዎች መልሶ መልቀቅም በሕይወት ማጓጓዝም ያስቀጣል። የማያውቁት ዝርያ ከሆነ ከላይና ከታች ፎቶግራፍ አንሥተው የቦታውን ስም ጨምረው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይላኩ፤ ከአጥማጆች የሚመጣ እንዲህ ያለ ጥቆማ አዲስ ወረራን ቀድሞ ለማወቅ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ጥሬውን መብላት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ሳንባን የሚያጠቃ ጥገኛ ትል በክሬይፊሽ ሥጋ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ከወንዝ ያወጡትን ጥሬውን በመብላታቸው የታመሙ ሰዎች ተመዝግበዋል። ሥጋው ነጭ እስኪሆንና ውስጡ በሚገባ እስኪበስል ይቀቅሉት። ውሃው በአልጌ አረንጓዴ ሆኖ ካዩት ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ከሆነ ግን መቀቀል መርዙንም ሆነ ከባድ ብረታ ብረቱን ስለማያጠፋ፣ ከዚያ ውሃ የወጣውን አይብሉ።