ኮሪያንድር ወይስ ፓሎማ ፒካሶ? ስለ ሁለት ሽቶዎች ጥያቄና መልስ

ሊያ፦ ኪስ የማይጎዳ ክላሲክ ሺፕር (የሽቶ ዓይነት ነው) ፈልጌ በነዚህ ሁለቱ መካከል ቀረሁ። ልዩነታቸው ምንድነው?

መልስ፦ መሠረታቸው አንድ የሺፕር ቅመማ ነው፦ ከላይ (መጀመሪያ የሚሸተው) ቤርጋሞት የተባለ የሎሚ ዘመድ፣ መሃል አበባ፣ ከሥር (መጨረሻ የሚቀረው) ፓቹሊ የተባለ አፈር አፈር የሚል ቅጠልና ኦክሞስ (የኦክ ዛፍ ሽበት)። የዣን ኩቱሪዬ ኮሪያንድር (1973) በድምብላል ይጀምራል፤ ጽጌረዳው ከጄራኒየም ጋር ስለሚመጣ ደረቅና አረንጓዴ ነው። ፓሎማ (1984) ላይ ጃስሚኑ ይጎላል፤ ከሥሩ ማርና እንስሳዊ ጠረን አለ። ሁለት ርጭት ክፍል ይሞላል። ለሥራ ቦታ ኮሪያንድርን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ግን አትፍረጂ!

ሚኪ፦ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን? ለማን? ከላይ አንብብ።

ሄለን፦ እንዴት ላወዳድራቸው?

መልስ፦ በወረቀት ጀምሪ፤ ስሙን ጻፊበት። ከዚያ ጠረን ያለው ቅባት ያልነካው ክንድ ላይ፣ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ፣ በየክንዱ አንድ ርጭት ብቻ። ከ15 ደቂቃ፣ ከአንድ ሰዓትና ከአራት ሰዓት በኋላ አሽትቺ። ኦክሞሱ የሚገለጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሦስተኛ ሽቶ አትጨምሪ፤ አፍንጫ ይደክማል።

ዳዊት፦ የድሮው ምርት ካልሆነ ባይገዛ ይሻላል።

ሄለን፦ ያረጀ ሽቶ እኮ ይበላሻል።

ዳዊት፦ የሥሩ ጠረን አይበላሽም!

ሄለን፦ ፀሐይ ላይ የከረመውስ?

መልስ፦ ተዉ እስቲ። ቀድሞ የሚሞተው ቤርጋሞቱ ነው፤ መጀመሪያ የጥፍር ቀለም የመሰለ ሽታ ሰጥቶ ከጠፋ ችግር የለውም። ከተረጨ ከአንድ ሰዓት በኋላም ከኮመጠጠ ግን አልቆለታል። የዛሬው ምርት ከድሮው የሚለየው ኦክሞስ ውስጥ ያሉት አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የተባሉ አለርጂ ቀስቃሾች በአውሮፓ ኅብረት ስለታገዱ ነው፤ ከ2021 ወዲህ እነሱ ያሉበት ሽቶ እዚያ ገበያ ላይ አይሸጥም። ኦክሞስ ራሱ አልታገደም፤ ተጣርቶ ይገባል። የጎደለውን ብዙዎች በፓቹሊ ስለሚሞሉት አዲሱ ጠርሙስ አፈር አፈር ቢል አይግረማችሁ። ቆዳው የሚቆጣ ሰው የድሮውን ልብስ ላይ ይርጭ፣ ነጭ ላይ ግን አይሆንም፤ ያቀልማል።

ሩት፦ የፓሎማ ኦ ደ ቷሌት (ቀጠን ያለው) እና ኦ ደ ፓርፋም (ወፈር ያለው) አንድ ናቸው?

መልስ፦ ኦ ደ ቷሌት የቀጠነ ኦ ደ ፓርፋም ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቅመማውም ይለያል። የምትገዢውን ራሱን ሞክሪ።

ቤቲ፦ ወንድ ቢቀባው?

መልስ፦ ይቀባ።

ሚኪ፦ ስለዚህ የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወረቀት፣ ክንድ፣ አራት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ጠይቀኝ።