«ራቁትዎን ይደሰቱ» ይባላልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ በትርፍ ጊዜዬ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ባለፈው ወር አንድ የጉዞ ድርጅት በሜዲትራኒያን ባሕር ስላለ አንድ ማረፊያ የሚናገር ሁለት ገጽ ጽሑፍ ሰጠኝ። ቦታው ከሰው ዐይን የራቀ ነው፤ ልጆችን አያስተናግድም፤ እንግዳው ቢሻው ለብሶ፣ ባይሻው ምንም ሳይለብስ በባሕሩ ዳር መዋል ይችላል። አብሮት በኮምፒውተር የተተረጎመ ረቂቅ ነበር፤ እንዲህ ይላል፦ «ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ገለልተኛ የልብስ አማራጭ ባሕር ዳር። እንግዶቻችን ካረፉ በኋላ ራቁትዎን ይደሰቱ።» እንዳላማረበት ገብቶኛል፤ ጉድለቱን ነጥዬ ማስረዳት ግን አቃተኝ። ትክክለኛው አማርኛ እንዴት ነው? ከ«ራቁት»፣ ከ«ዕራቁት» እና ከ«ዕርቃን»ስ የትኛው ይሻላል? እናቴ ከጎንደር ደውላ «አሁን ደግሞ ምን እየተረጎምሽ ነው?» ስትለኝ «ስለ ባሕር» ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

መልስ፦ እናትዎን አልዋሹም፤ ባሕሩ አለበት። ረቂቁ ግን ቃሉ ሁሉ አማርኛ ሆኖ ዐረፍተ ነገሩ አማርኛ ያልሆነበት ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማረም አዲስ ከመተርጎም ይከብዳል፤ ስሕተቱ ከደጅ የመጣ እንግዳ ሳይሆን ከቤት የጠፋ ልጅ ይመስላልና።

ከ«ገለልተኛ» እንጀምር። ገለል አለ ማለት ዘወር አለ፣ ከሰው መሐል ወጣ ማለት ነው፤ እስከዚህ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። ይሁንና «ገለልተኛ» ከዚሁ ቃል ተወልዶ ወደ ፖለቲካና ወደ ፍርድ ቤት ገብቶ ቀርቷል። ገለልተኛ ታዛቢ፣ ገለልተኛ ዳኛ፣ ገለልተኛ አገር እንላለን፤ ለማንም ያላደላ ማለታችን ነው። «ገለልተኛ ባሕር ዳር» ያሉት እንደሆነ አንባቢው «ከማንና ከማን ጠብ?» ብሎ ይጠይቃል። በነገራችን ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተገኙበት የመጀመሪያው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ የዩጎዝላቪያ ዋና ከተማ በነበረችው በቤልግሬድ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ዩጎዝላቪያ፣ በኢስትሪያ ባሕረ ገብ መሬት ቭርሳር ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ ያለ ልብስ መዋኘት ለሚወዱ እንግዶች ኮቨርሳዳ የተባለው መንደር ተከፈተ። ገለልተኛውና ገለል ያለው በአንድ አገር በአንድ ዓመት ተገጣጥመዋል፤ በአማርኛ ግን እንዳይምታቱ።

ታዲያ ምን እንበል? «ሰዋራ» የሚል ግሩም ቃል አለን፤ ትርጉሙ ልክ ይህ ነው፤ ከዐይን የተሰወረ ቦታ። ችግሩ ሰዋራን ዛሬ የምናገኘው በፖሊስ ዜና ውስጥ ነው፤ «ሰዋራ ቦታ ጠብቆ» ከተባለ የሚከተለው ወይ ዝርፊያ ነው ወይ ከዚያ የባሰ። ገንዘቡን ከፍሎ ሊዝናና ለሚመጣ ሰው አይነገርም። «ጭር ያለ» ደግሞ ደንበኛ የራቀው ቤት ያስመስለዋል። «ገለል ያለ» ይበቃል።

«ለአዋቂዎች» ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛው የአገር ቤቱ ነው፤ «አዋቂ ቤት ሄደ» ሲባል ጠንቋይ ዘንድ ሄደ ማለት እንደሆነ እናትዎ ያውቁታል። በባሕር ዳር አዋቂዎች ተሰብስበዋል ቢሏቸው ማንም ልብስ ማውለቁን ሳይሰሙ ገና ይደነግጣሉ። ሁለተኛው የከተማው ነው፤ «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚለው ሐረግ በፊልም ማስታወቂያ ላይ ስለኖረ ወሲብ ወሲብ ይሸታል። የሆቴሉ ሐሳብ ግን ልጆች ሳይንጫጩበት ጸጥ ያለ ቦታ ነው የሚል ነው። ሕጋችን ከሁለቱም የጸዳ አነጋገር አለው፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን «አካለ መጠን ያላደረሰ» ይለዋል። ለማስታወቂያ ጥቂት ይከብዳልና ዕድሜውን በቁጥር ይጻፉት፦ «18 ዓመት ለሞላቸው እንግዶች ብቻ»። ቁጥር አያሽኮረምምም፤ አያሻማምም።

«የልብስ አማራጭ» ከሁሉ ይብሳል። አማራጭ አንዱን ትቶ ሌላውን ለመያዝ የሚቀርብ ነገር ነው፤ «የልብስ አማራጭ ያለው» ስንል ሸሚዙ በየቀለሙ የተደረደረበት ሱቅ ይታየናል። ጽሑፉ ሊል የፈለገው የተገላቢጦሹ ነው፤ ልብስ ግዴታ አይደለም። «በፈቃደኝነት» እንዳይሉም፤ ያ ደም ለሚለግስና ችግኝ ለሚተክል ነው። «በምርጫ» ቢሉ ካርድ ያስይዛል። «እንደ ፈቃድዎ» ይበሉ፤ ቤተኛ ነው፤ ገበታ ላይም ሆነ መንገድ ላይ ስንለው የኖርነው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቦታዎቹ ራሳቸው ይህን ልዩነት በጥብቅ ይጠብቁታልና ተርጓሚው ቢያዛባው እንግዳው ይቸገራል። ለጀርመኖች ነገሩ ባህል ነው፤ ስሙም «ፍራይኬርፐርኩልቱር»፣ በቀጥታ ሲመለስ «የነፃ ገላ ባህል» ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከኢየር ከተማ ፊት ለፊት ሌቫን የምትባል ደሴት አለች። አብዛኛዋ የጦር ሠራዊት ይዞታ ነው፤ በቀረው ላይ ጋስቶንና አንድሬ ዱርቪል የተባሉ ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ፀሐይና ነፋስ ለጤና ይበጃል ብለው እ.ኤ.አ. በ1931 ሄሊዮፖሊስን መሠረቱ፤ የፀሐይ ከተማ ማለት ነው። በዚያች በአንዲት ትንሽ መንደር ሦስት ሕግ አለ። በአንደኛው የባሕር ዳርቻ ላይ ማውለቅ ግዴታ ነው፤ በመንደሩ መንገዶች እንደ ፈቃድ ነው፤ ወደቡ ላይ ደግሞ ቢያንስ ኀፍረተ ሥጋን መሸፈን ይጠበቃል። እንግዲህ ሦስቱን በአንድ «ራቁት ይፈቀዳል» ጠቅልሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ወይ ወደብ ላይ ያሳፍረዋል፤ ወይ ዳርቻው ላይ በካኔተራ ያስቆመዋል። ግዴታ፣ ፈቃድና ክልከላ በአማርኛ የተለያየ ግሥ አላቸው፦ ያወልቃሉ፣ ቢፈልጉ ያወልቃሉ፣ አያወልቁም። ሦስቱን ለይተው ይጻፉ።

«ካረፉ በኋላ» የሚለውን በሣቅ ነው ያለፍኩት። ማረፍ ለመንገደኛ ጥሩ ቃል ነው፤ ማረፊያም ከዚሁ የወጣ ነው። ነገር ግን ከበሬታ ያለው ሰው «ዐረፉ» ከተባለ ቤተ ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። «እንግዶቻችን ካረፉ በኋላ» የሚለው ማስታወቂያ ከማረፊያው ይልቅ ቀብሩን ያስታውሳል። «ሲደርሱ» ወይም «ክፍልዎን ከተረከቡ በኋላ» ይበቃል። ስለ ቆይታው ሲጽፉም በየማስታወቂያው ካሰለቸን «የማይረሳ ቆይታ» ይልቅ «መሰንበት»ን ይሞክሩ፤ «አምስት ቀን ሰነበትን» የሚለው ቃል ውስጥ ዕረፍቱም እርጋታውም አለ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ራቁት»። አጻጻፉን በአጭሩ፦ ሥሩ ግእዝ ነው፤ በዐይኑ «ዐ» ይጀምራል። ዕርቃን ስሙ፣ ዕሩቅ ቅጽሉ ነው። ነገረ መለኮት የተማረ ሰው «ዕሩቅ ብእሲ» ሲባል ያውቀዋል፤ መለኮት ያልተዋሐደው፣ ሰው ብቻ የሆነ ማለት ነው። ከዚህ እንደምናየው ቃሉ ከልብስ ማጣት አልፎ ባዶነትንና ብቻነትንም ይናገራል። አማርኛው ፊደሉን ጥሎ «ራቁት» ቢል ስሕተት አይደለም፤ «ዕራቁት» የጥንቱን ያስታውሳል፤ «እራቁት» የሚለው ግን ሥሩንም ልማዱንም አልያዘምና አልወደውም። በስሜት ረገድ ራቁት የዕለት ቃል ነው፤ ዕርቃን ለጽሑፍና ለሥነ ጥበብ ይስማማል፤ ሠዓሊ የሚሥለው ዕርቃን እንጂ ራቁት አይደለም። «መለመላውን» ደግሞ ለወሬ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ ቢጽፉት እኔ ራሴ ቦታ ይዤ እሄድ ነበር፣ ለሣቁ።

ከአጻጻፉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ሰዋስዉ ነው። «ራቁት ሄደ» አይባልም፤ «ራቁቱን ሄደ» ነው። ባለቤቱ አብሮ ይነገራል፤ ራቁቴን፣ ራቁቷን፣ ራቁታቸውን። ብቻውን፣ ጦሙን፣ ባዶ እጁን ከሚሉት ጋር አንድ ረድፍ ላይ ይቆማል፤ «ጦሙን አደረ»፣ «ብቻውን መጣ»፣ «ባዶ እጁን ተመለሰ»። ሁሉም የጎደለ ነገር ይናገራሉ፤ ጉድለቱም የማን እንደሆነ በቃሉ ጫፍ ላይ ተጽፏል። አማርኛ ባለቤት የሌለው ራቁትነት አይወድም ብል አላጋነንኩም። ለዚህ ነው «ራቁት ባሕር ዳር» ጆሮ የማይገባው፤ ራቁቱን የሆነው ባሕሩ ዳር ይሆናል። «የተራቆተ ባሕር ዳር» ቢሉማ የግብርና ባለሙያ ይጠራሉ፤ ዛፉ ተመንጥሮ አፈሩ ታጥቦ ነዋ።

ሌላም አለ። ልብስ የሌለው ሰው ሁሉ በአማርኛ አንድ አይደለም። አጥቶ ከሆነ ታርዟል፤ የታረዘን ማልበስ ጽድቅ ነው። ሌሎች ገፍፈውት ከሆነ ተራቁቷል። በቀልዱ ወገን ደግሞ «ራቁቷን ለተወለደች ጥብቆ መች አነሳት» እንላለን። ወዶና ፈቅዶ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር፣ ሳያፍርና ሳያስነውር ራቁቱን ለሚውል ሰው ግን የተለየ ቃል አላበጀንም። ኀፍረቱ ከቃሉ ጋር ተጋግሮ አድጓል፤ የአካሉ ስም ራሱ «ኀፍረተ ሥጋ» ነው። ያለ ኀፍረት የተነገረ ራቁትነት ብፈልግ ቶሎ የሚመጣልኝ የኦሪት ዘፍጥረቱ ነው፤ አዳምና ሚስቱ ራቁታቸውን ሳሉ «አይተፋፈሩም ነበር»። እሱም በሚቀጥለው ምዕራፍ የበለስ ቅጠል ተሰፍቶበታል።

ስለዚህም በቃሉ አጠቃቀም ጥንቃቄ እሻለሁ። የድሮ የጉዞ ጸሐፊዎቻችን ስለ ኦሞ ሸለቆ ሕዝቦች ሲጽፉ «ራቁታቸውን የሚሄዱ» ማለት ይወዱ ነበር። ቆዳውን፣ ጨሌውንና አምባሩን የለበሰ ሰው በአገሩ ደንብ ለብሷል፤ ራቁቱን ነው ያለው ተመልካቹ ነው። ይህ ከባሕር ዳሩ እንግዳ ጋር አይገናኝም፤ እሱ አውልቆ ነው፤ ሲወጣም ሱሪው ወንበሩ ላይ ይጠብቀዋል።

ቃሉ ከጎደለን በግሥ እንሙላው። «ራቁትዎን ይደሰቱ» ውስጥ የሚያስቀው «-ዎ» ነው። አንቱታና ራቁት በአንድ ቃል ውስጥ ተጋፍተዋል፤ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ይህን የሚል አስተናጋጅ አይታየኝም። ስለ ገላቸው ትተን ስለ ልብሱ ብንናገር ግን ነገሩ ይለዝባል፦ «ሳይለብሱ መዋኘት ይችላሉ»። «ሳይለብሱ» ያው ራቁትን ይናገራል፤ ዐይኑን ግን ወደ ሰውየው አይወረውርም። በዚህ መንገድ ረቂቁን እንዲህ ባደርገው ደስ ይለኛል፦

«18 ዓመት ለሞላቸው እንግዶች ብቻ የተዘጋጀ፣ ገለል ያለ የባሕር ዳርቻ ማረፊያ። በዳርቻውና በመዋኛው አካባቢ ልብስ መልበስ ግዴታ አይደለም፤ እንደ ፈቃድዎ ለብሰውም ሳይለብሱም መዋል ይችላሉ። ሲቀመጡ የራስዎን ፎጣ ያንጥፉ። ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ባሉ ቦታዎች የተለመዱ ደንቦች ናቸውና በእርስዎ ጽሑፍም ሳይኖሩ አይቀሩም። «ባሕር ዳር»ን ወደ «የባሕር ዳርቻ» የለወጥኩትም በምክንያት ነው፤ «ባሕር ዳር ላይ ሳይለብሱ መዋል ይቻላል» የሚል ጽሑፍ ቢወጣ የጣና ዳሯ ከተማ ሰዎች አይምሩዎትም። እናትዎ ጎንደር ናቸው፤ ወሬው ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

እናትዎ እንደገና ቢጠይቁዎትም ያው ሰዋስው ይረዳዎታል። «ፈረንጆቹ ሳይለብሱ የሚዋኙበት ቦታ አለ፤ የዚያን ማስታወቂያ ነው» ይበሏቸው። «አንቺስ?» ማለታቸው አይቀርም። «እኔማ ለብሼ ነው የምተረጉመው» ይበሉ።